የቀነሰው ስብ የት ገባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክብደት መቀነስን የሚመለከቱ ደብዳቤዎች ስለተጠራቀሙብን የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አዋህደን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ሰው 10 ኪሎ ሲቀንስ ስቡ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠየቁኝ። «ተቃጥሎ ጉልበትና ሙቀት ይሆናል» አልኳቸው። አንዷ ግን «10 ኪሎ ነገር እንዴት ሙቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል?» ብላ አፋጠጠችኝ። ምን ልበላት? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ተማሪዋ ልክ ናት። ጉልበቱ የሚገኘው የአተሞቹ ትስስር ሲለዋወጥ ነው። አተሞቹ ራሳቸው ግን አንድም ሳይጎድሉ አሉ፤ መውጫ ይፈልጋሉ። ትልቁ መውጫቸው ደግሞ አፍንጫና አፍ ነው።

በሰውነታችን የሚከማቸው ስብ በአማካይ 55 የካርቦን፣ 104 የሃይድሮጅንና 6 የኦክስጅን አተሞች ያሉት ሞለኪውል ነው። አንዱ ሞለኪውል ሲቃጠል 78 የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይወስድና 55 የካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ 52 የውሃ ሞለኪውሎች ይሆናል። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያመዛዝኑት፤ ይገጥማል። ሩበን ሚርማንና አንድሪው ብራውን የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ይህንኑ ወደ ኪሎ ቀይረው አሳይተዋል። 10 ኪሎ ስብ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 29 ኪሎ ኦክስጅን መሳብ አለበት፤ የሚወጣው 28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና 11 ኪሎ ውሃ ነው። ከስቡ ከራሱ ብናሰላ 8.4 ኪሎው በትንፋሽ ይወጣል፤ 1.6 ኪሎው ውሃ ሆኖ በሽንት፣ በላብ፣ በትንፋሽ እርጥበትና በሌላ ፈሳሽ ይሄዳል። እነዚሁ ሰዎች ሐኪሞችን፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዎችንና የስፖርት አሠልጣኞችን ጠይቀው ከብዙኃኑ ያገኙት መልስ እርስዎ ለክፍሉ የሰጡት ነበር፤ ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም። ለክፍሉ በምሳሌ ማስረዳት ከፈለጉ ከሰል ይበቃል፤ ማንደጃ ላይ የነደደ አንድ ኪሎ ከሰል የሚተወው አመድ እፍኝ አይሞላም፤ ቀሪው ወደ አየር ሄዷል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ሲበሉ ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ኢንሱሊን የስብ ሴሎችን በር ዘግቶ «አከማቹ» የሚል ትእዛዝ ነው። ምግቡ ተፈጭቶ ሲያልቅ ወይም ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊን ይወርዳል፣ እንደ አድሬናሊን ያሉት ሆርሞኖች ይነሣሉ፤ በስብ ሴሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ስቡን ወደ ግሊሴሮልና ቅባት አሲድ ይሰነጥቁታል። ቅባት አሲዱ አልቡሚን በተባለ ፕሮቲን ተጭኖ በደም ወደ ጡንቻ፣ ወደ ልብና ወደ ሌሎች አካላት ይጓዛል፤ ሚቶኮንድሪያ በተባሉት የሴሉ ምድጃዎች ውስጥ ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቆረጠ ይነዳል። ግሊሴሮሉ ጉበት ደርሶ ስኳር ሊሆን ይችላል። የስብ ሴሉ ግን አይጠፋም፤ ይኮማተራል እንጂ። መልሶ የሚሞላውም ለዚህ ነው።

ጎበዝ ተማሪ ቀጥሎ «ታዲያ ቶሎ ቶሎ ብተነፍስ እከሳለሁ?» ማለቱ አይቀርም። አይከሳም። ትንፋሽ የሚያወጣው ሴሎች ያመረቱትን ብቻ ነው። ያለ ሥራ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ሰው ደሙ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያራቁትና ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ስቡ ንቅንቅ አይልም። 70 ኪሎ የሚመዝን፣ ብዙ የማይንቀሳቀስ ሰው በቀን ወደ 740 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በውስጡ 200 ግራም ገደማ ካርቦን አለ። ከቀኑ አንዱን ሰዓት ከመቀመጥ ይልቅ ሶምሶማ ቢሮጥበት ወደ 40 ግራም ካርቦን ይጨምራል። ክብደት የሚቀንሰው በትንፋሽ የወጣው ካርቦን በአፍ ከገባው ሲበልጥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ የዚህ ሒሳብ ዝርዝር ናቸው።

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 162 ሳንቲ ሜትር። ከ78 ኪሎ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት 2 ኪሎ ተኩል ሲወርድልኝ እንዴት ደስ አለኝ! ከዚያ ግን በሳምንት ግማሽ ኪሎ እንኳን በመከራ ሆነ። አሁን አራት ወር አልፎኝ 70 ላይ ሦስት ሳምንት ቆምኩ። የምበላው ያው 1,500 ካሎሪ ነው። ሰውነቴ ተላመደ ማለት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ሳምንት 2.5 ኪሎ በአብዛኛው ውሃ ነበር። ጉበት 100 ግራም፣ ጡንቻ ደግሞ 400 ግራም ያህል ግላይኮጅን ይይዛሉ፤ ግላይኮጅን የተጠራቀመ ስኳር ነው። እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ አብሮት ይቀመጣል። ምግብ ሲቀነስ ቀድሞ የሚወጣው ይህ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ቢራገፍ 2 ኪሎ ይሆናል። ጨው መቀነስዎም ተጨማሪ ውሃ ያስወጣል። በሁለት ቀን ሠርግ ላይ ተመልሶ የሚመጣውም ያው ውሃ ነው፤ «የወር ልፋቴ በአንድ ድግስ ጠፋ» ብለው አይዘኑ።

ሁለተኛው የፍጥነቱ ጉዳይ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። ሰውነትዎ ተኝቶ እንኳ የሚያወጣውን ለመገመት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ፤ ለሴት ኪሎን በ10 ማባዛት፣ ቁመትን በሳንቲ ሜትር በ6.25 አባዝቶ መደመር፣ ዕድሜን በ5 አባዝቶ መቀነስ፣ ከዚያ 161 መቀነስ ነው። (ለወንድ 161 ከመቀነስ ይልቅ 5 ይደመራል።) 78 ኪሎ ሳሉ 1,441 ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይህን በ1.4 ስናባዛ በቀን ወደ 2,020 ካሎሪ ነው። 1,500 ሲበሉ ጉድለቱ 520፤ በሳምንት 0.47 ኪሎ ስብ ማለት ነው። ስለዚህ «በመከራ ግማሽ ኪሎ» ያሉት ትክክለኛው ፍጥነት ነበር።

ሦስተኛው መቆሙ ነው። 70 ኪሎ ላይ ያው ስሌት ወደ 1,905 ይሰጣል። ትንሽ አካል ትንሽ ይፈጃል፤ በዚያ ላይ ምግብ የቀነሰ ሰው ሳያውቀው እንቅስቃሴውን ይቀንሳል፣ ይቀመጣል፣ ደረጃውን ይተዋል። ቢሆንም በወረቀቱ መሠረት 400 ገደማ ጉድለት መኖር ነበረበት። «ሰውነቴ ተላመደ» የሚለው 400ውን በሙሉ አይሸፍንም፤ ከፊሉን ብቻ ነው። ቀሪው ብዙ ጊዜ ከሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ ልኬት መላላቱ ነው። በመጀመሪያው ወር ዘይቱ በማንኪያ ይለካ ነበር፤ በአራተኛው ወር በዓይን ይፈስሳል፤ ወጥ ሲሠራ የሚቀመሰው፣ ከልጆች ሳህን የሚነሣው አይቆጠርም። ሌላው ውሃ ነው። የወር አበባ ሲቃረብ 1 እስከ 2 ኪሎ ውሃ ሊያዝ ይችላል፤ አዲስ ስፖርት የጀመረ ጡንቻም ውሃ ይይዛል፤ ስቡ እየወረደ ሚዛኑ ግን ይቆማል።

ስለዚህ፦ ሁልጊዜ ጠዋት ሽንት ቤት ሄደው ሲመለሱ፣ ምንም ሳይበሉ ይመዘኑ፤ የ7 ቀኑን አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር ያስተያዩ። ወገብዎን በሜትር ይለኩ፤ ቦታው ከታችኛው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ነው፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ። ወገቡ ከጠበበ ይቀጥሉ፣ ምንም አይለውጡ። ሚዛኑም ወገቡም አንድ የወር አበባ ዑደት ሙሉ ካልተነቃነቁ ጉድለቱ የለም ማለት ነው፤ ለሁለት ሳምንት ዘይቱን፣ እንጀራውንና ስኳሩን እንደገና ይለኩ። ወደ 1,000 ካሎሪ ለመውረድ አይሞክሩ። ጡንቻ ይቀልጣል፤ በሳምንት ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ ለረጅም ጊዜ የሚቀንስ ሰው ደግሞ የሐሞት ጠጠር ያሰጋዋል።

ጥያቄ፦ ቦርጬን ለማጥፋት ሆዴን በላስቲክ ጠቅልዬ እሮጣለሁ፣ በቀን 200 ሲት አፕ እሠራለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስቲም እገባለሁ። ከስቲም ስወጣ 1 ኪሎ ቀንሼ አገኘዋለሁ፤ ቦርጩ ግን አለ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያ አንድ ኪሎ ላብ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ሲጠጡ ይመለሳል፤ መመለስም አለበት። ላስቲኩ ላቡ እንዳይተን ከልክሎ ሰውነትዎን ከማጋል በቀር ሥራ የለውም፤ በሞቃት ቀን ራስን ሊያስት ይችላልና ይጣሉት። ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ሆኖም ጡንቻው ከላዩ ካለው ስብ ብቻ መርጦ አይወስድም፤ ስብ ከመላው ሰውነት በደም ተሰብስቦ ነው የሚመጣው። ከየት ቀድሞ እንደሚነሣ የሚወስኑት ዘርና ሆርሞን ናቸው። ለወንድ ደስ የሚለው ነገር፣ ከሆድ ዕቃ መካከል ያለው ስብ ከዳሌና ከጭን ስብ ይልቅ ቶሎ የሚነሣ መሆኑ ነው።

200ውን ሲት አፕ ለሚፈጅበት ጊዜ ፈጥነው ቢራመዱ ይሻላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲራመድ ወደ 50፣ ሲሮጥ ወደ 70 ካሎሪ ያወጣል። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ያህል ነው። ቦርጩን ማን እንዳሳደገው እርስዎ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ጾምኩ፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም፤ ሥጋና ቅቤ የለም። ሆኖም ለፋሲካ ስመዘን 1 ኪሎ ጨምሬያለሁ። እንዴት ይሆናል? (ከጎንደር፤ ተመሳሳይ ጥያቄ ከደሴና ከዋሽንግተን ዲሲም ደርሶናል)

መልስ፦ ጾሙ የታዘዘው ለክብደት አይደለም፤ ቢጨምሩም ጾምዎ አልጎደለም። ሒሳቡን ግን እንየው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም፣ 120 ካሎሪ ነው፤ አንድ ሊትሩ 8,100 ገደማ። በፍስክ ወር 3 ሊትር ዘይት የሚጨርስ የአራት ሰው ቤት፣ በጾም 5 ሊትር ቢጨርስ (ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጥብስ ድንቹ፣ ሳምቡሳው፣ ፓስታው ሁሉ ዘይት ነው) ለአንድ ሰው በቀን 135 ካሎሪ ይጨምራል። በ55 ቀን 7,425 ይሆናል። አንድ ኪሎ ስብ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። የቀረው ሥጋና ቅቤ ይህን ያካክሳል ብለን እንዳንጽናና፣ በብዙ ቤት በአዘቦቱም የሚበላው ትንሽ ነበር።

ሽሮ ራሱ አይወቀስም። ለአንድ ሰው 50 ግራም የሽሮ ዱቄት 180 ካሎሪ አካባቢ ነው፤ ሦስት ማንኪያ ዘይት ሲፈስስበት ዘይቱ ብቻ 360 ይሆናል። ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ እያቁላሉ፣ ለአራት ሰው ወጥ ሦስት ማንኪያ ዘይት መጨረሻ አካባቢ ቢያደርጉ ጣዕሙ አይጠፋም። ዘይቱን ከጀሪካኑ ቀጥታ አያፍስሱ፤ ማንኪያ ይያዙ።

ቀጥሎ እንጀራ። መጠኑ ከቤት ቤት ስለሚለያይ «አንድ እንጀራ ይህን ያህል ነው» የሚሉ ሠንጠረዦችን አይመኑ፤ በራስዎ ቤት ያስሉት። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት 3,600 ካሎሪ ገደማ ነው። ከአንዱ ኪሎ 10 እንጀራ ከወጣ እያንዳንዱ 360፣ 8 ከወጣ 450 ነው። 9 ሰዓት ላይ በረሃብ የቀረበ ሰው ሁለት ተኩል ያለ ችግር ያነሣል። እስከ 9 ሰዓት መቆየት በራሱ ስብ ያነዳል፤ ይሁን እንጂ ማታ ከወጣው በላይ ከገባ ሌሊቱን መልሶ ይከማቻል። ለሰውነት ቁም ነገሩ የሳምንቱ ድምር ነው።

ፕሮቲን ሌላው ጉዳይ ነው። እየከሱ ጡንቻን ለማቆየት በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 1.2 ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ለ70 ኪሎ ሰው 84 ግራም። በጾም ከባድ ይመስላል፤ ሆኖም ከ250 ግራም የጤፍ ዱቄት የሚወጣው እንጀራ 33 ግራም፣ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24፣ 60 ግራም ሽሮ 12፣ 40 ግራም ለውዝ 10 ሲሰጡ ወደ 80 ይደርሳል፤ ጠቅላላ ካሎሪውም ዘይቱን ሳይጨምር 1,700 አካባቢ ነው። ድንችና ፓስታ የበዛበት ጾም ግን ይህን ግማሹን እንኳን አይሰጥም፤ ቶሎም ያስርባል። ሻይ ላይ የሚጨመረው ስኳርም ይቆጠር፤ በቀን ሦስት ብርጭቆ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ 150 ካሎሪ ገደማ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚወስድ ሰው፣ የዐቢይ ጾምም ሆነ የረመዳን፣ መድኃኒቱ ሳይስተካከል እስከ ቀትር በኋላ ወይም እስከ መግሪብ ቢቆይ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር።

ጥያቄ፦ እዚህ ዱባይ ሁሉም ሰው የሚጠጣው የማቅጠኛ ሻይ አለ። ሦስት ጊዜ ያስወጣኛል፣ በሁለት ቀን 2 ኪሎ ይቀንሳል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ከእነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ሰናመኪ ነው፤ የሚያስቀምጥ ቅጠል። የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ የምግቡ ካሎሪ ደግሞ ከዚያ በፊት በትንሹ አንጀት ተመጥጦ አልቋል። ስለዚህ የሚወጣው ውሃ፣ ፖታሲየምና ዓይነ ምድር ነው። ፖታሲየም ሲወርድ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ይባስ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚሸጡ «ተፈጥሯዊ» የማቅጠኛ ክኒኖች ውስጥ ሲቡትራሚን በተደጋጋሚ ተገኝቷል፤ ይህ መድኃኒት ለልብና ለአንጎል ደም ሥር አደጋ ስለሚዳርግ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣ ነው። ልብ የሚያስመታ፣ እንቅልፍ የሚነሣ፣ አፍ የሚያደርቅ «ሻይ» ከገጠመዎ ዛሬውኑ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐኪሜ ባዘዘልኝ የሳምንት መርፌ 14 ኪሎ ቀነስኩ። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ስኳር አለባት፣ ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች፣ ወፍራም ናት። የተረፈኝን የመርፌ ብዕር ሰው ሲሄድ ልላክላት?

መልስ፦ አይላኩላት። ለእናት ማሰብዎ መልካም ነው፤ ይሁንና ሦስት ነገር ይከለክላል። አንደኛ፣ የተጀመረ ብዕር መርፌው ቢቀየርም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያሻግር ይችላል። ሁለተኛ፣ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ የሆነ መድኃኒት ቢቀልጥም ይጣላል፣ በሻንጣ ክፍል ውስጥ ምን እንደደረሰበት ማንም አያይም። ሦስተኛውና ዋናው፣ እንደ ሴማግሉታይድ ያለው የሳምንት መርፌ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲደራረብ ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ሐኪም የክኒኑን መጠን መቀነስ ይኖርበት ይሆናል። ሴማግሉታይድ ራሱ በ0.25 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየአራት ሳምንቱ ቀስ እያለ የሚጨመር ነው፤ እርስዎ በደረሱበት መጠን የጀመረ ሰው በማስታወክ ይሰቃያል።

ስለ መርፌው አሠራር ለጠየቁን ሌሎችም፦ ስብ አያቀልጥም። የጥጋብን ስሜት ያጠነክራል፣ ጨጓራ ቀስ ብሎ እንዲራገፍ ያደርጋል፤ ሰውየው ትንሽ ይበላል፣ ስቡ በዚያው በትንፋሽ ይወጣል። በሴማግሉታይድ የ68 ሳምንት ዋና ጥናት ተጠቃሚዎቹ በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደታቸውን ሲቀንሱ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ የተወጉት 2.4 በመቶ ቀንሰዋል። ካቆሙ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሷል። ከሚቀንሰው ክብደት ከፊሉ ጡንቻ ስለሆነ፣ እርስዎም በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሣትን አይተዉ። መውለድ ካሰቡ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መቆም አለበት።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ምንም ሳይቀንስ፣ እንዲያውም ከበፊቱ በላይ እየበላ፣ በሁለት ወር 9 ኪሎ ከሳ። ሌሊት ለሽንት አራት ጊዜ ይነሣል፣ ውሃ አይጠግብም። ቤተሰቡ «የፈተና ጭንቀት ነው» ይላል። (ከወልድያ)

መልስ፦ ነገ ሳይሉ ዛሬ የደም ስኳሩን ያስለኩ። የጻፉት የስኳር በሽታ ምልክት ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ የስብ ሴሎች በር ሌት ተቀን ክፍት ይሆናል፤ ስኳሩም ሴል ውስጥ መግባት አቅቶት በደም ይጠራቀማል። በአብዛኛው ሰው በዴሲ ሊትር ደም ከ180 ሚሊ ግራም ሲያልፍ በሽንት መፍሰስ ይጀምራል፣ ውሃ ይዞ ስለሚወጣ ያስጠማል። በቀን 100 ግራም ስኳር በሽንት የሚያጣ ሰው 400 ካሎሪ እየጣለ ነው፤ ቢበላም የሚከሳው ለዚህ ነው።

የጣት ደም ምርመራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ጤና ጣቢያም ይገኛል። እነዚህ ምልክቶች ባሉበት፣ በማንኛውም ሰዓት የተለካ 200 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም ሳይበላ የተለካ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ይጀመራል። ስኳሩ ደኅና ከሆነ ፍለጋው ይቀጥላል፤ ሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ካለ የሳንባ ነቀርሳ፣ እጅ የሚንቀጠቀጥና ልብ የሚመታ ከሆነ የእንቅርት ዕጢ ይመረመራል። ካስታወከ፣ ሆዱን ካመመው፣ በጥልቀትና በፍጥነት ከተነፈሰ ወይም ትንፋሹ እንደበሰበሰ ፍራፍሬ ከሸተተ ግን ደሙ አሲድ እየሆነ ሊሆን ይችላልና፣ በጤና ጣቢያ ወረፋ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት።